አያ ሙላትና የቴኒስ ሜዳው ውሃ

ሱዳን አገር፣ ከሰላ ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ አንድ ፍራሽ አዳሽ አለ። ጠዋት ጠዋት ያረጀ ጥጥ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ዘርግቶ በቀጭን ዱላ ይደበድባል። ጧ ይልና ዝም ይላል፤ ደግሞ ጧ ይላል። መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የገባን ሰሞን ያን ድምፅ በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼ፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ ብድግ ብዬ መስኮት ከፈትኩ። የፈለግሁት ፍራሽ አዳሹን አልነበረም። ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከአባቴ ግቢ አጥር ማዶ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ብቻውን ኳስ ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ነበር የፈለግሁት።

ስሙ ሙላት ነበር። እኛ ልጆች አያ ሙላት እንለዋለን። የጎንደር ሰው ነው። አባቴም የጎንደር ሰው ስለነበር፣ ሃይማኖታቸው ለየቅል ቢሆንም፣ እንደ ወንድም ነበር የሚተያዩት። አባቴ ሐጂ ኢድሪስ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አያ ሙላት ከሥራው ሲወጣ በሱቋ ደጃፍ ካለችው የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ የአባቴን ትራንዚስተር ራዲዮ ያዳምጣል። ልብሱ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ያችኑ አንዲት ሱሪና ያችኑ አንዲት ሸሚዝ ማታ አጥቦ፣ ሱዳኖች ዘህራ በሚሉት የልብስ ማንጫ ሰማያዊ ነክሮ ያሰጣትና ጠዋት መልሶ ይለብሳታል። የሸራ ጫማውን በኖራ ይቀባዋል። ሰው ሁሉ ከጉልበቱ በታች መሬቱን በሚመስልበት በዚያ የአቧራ አገር እሱ ከሩቅ ይለያል።

ሥራው ከቤታችን ጀርባ የነበረውን የቴኒስ ሜዳ መጠበቅ ነበር። ክለቡን እንግሊዞች ለሹሞቻቸው ሠርተውት የሄዱ ነው፤ ባለ ቆርቆሮ በረንዳ፣ ልብሱ የተቀደደ የቢሊያርድ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ደግሞ ሜዳው። በኛ ጊዜ የከተማው ባለሥልጣኖችና የሰሊጥ ነጋዴዎች ነበሩ አባላቱ። ሙዲሩ፣ ማለት ሥራ አስኪያጁ፣ ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ዑስታዝ ዑስማን የሚባሉ ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ፤ በከዘራቸው መሬቱን ሳይነኩ አይናገሩም።

አያ ሙላት ስለ ራሱ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከአባቴ ጋር ሲሆን ግን፣ በተለይ ራዲዮው ባትሪ የጨረሰ ዕለት፣ አንዳንድ ነገር ይወጣዋል። እኔ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ነው ዛሬ የምናገረው።

ልጅ ሆኖ ጎንደር ላይ ጣሊያን ትቶት በሄደው ሜዳ ለሐኪሞችና ለዳኞች ኳስ ያቀብል ነበር። እናቱ የእነዚያኑ ሐኪሞች ልብስ አጣቢ ናት። እነሱ ሲሄዱ እሱ ከሣንቃ በጠረባት መምቻ የእነሱን እጅ እየቀዳ ይጫወታል። አንዱ ሐኪም አይቶት አዲስ አበባ ወሰደውና ለአንድ የሹማምንት ክለብ ሰጠው። እዚያ አደገ፣ ጢሙን ሳያወጣ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱም ደገመው። በሦስተኛው ዓመት ክለቡ የልጆች አስተማሪ አድርጎ ቀጠረው። ያኔ ነው የውድድሩ ዳኞች የጠሩት። ከጨዋታ ደመወዝ የሚበላ ሰው ከጨዋ ልጆች ጋር በውድድር አይሰለፍም፤ የጨዋታው ደንብ ነው አሉት። "አየህ ሐጂ" ይለው ነበር አባቴን፣ "ባላባቱ ለደስታው ይጫወታል፣ ስለዚህ ሻምፒዮን ይሆናል። እኔ እንጀራዬ ስለሆነ ተከለከልኩ።" ይህን ሲል ግን ምሬት አልነበረውም። ዝናብ ስለቀረበት ዓመት እንደሚያወራ ገበሬ ነው የሚናገረው።

ከዚያ በኋላ እንደሱ ለደመወዝ የሚጫወቱት እርስ በርስ በሚገጥሙበት ሁሉ ሄደ። አሥመራ፣ ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ ካርቱም ተጫወተ። ናይሮቢ ላይ ሁሉንም አሸንፎ በትከሻ ተሸክመውታል። ካርቱም ደግሞ በአባይ ዳር በመብራት ሥር አንድ እሳት የሆነ ግብጻዊ ገጥሞ፣ ሁለቱም እግራቸው እስኪሳሰር ተጫውተው አሸንፎታል። እነዚያን ከተሞች የሚያስታውሳቸው በአፈራቸው ነበር። የናይሮቢው ቀይና ለስላሳ፣ የካይሮው አሸዋ የበዛበት፣ የአሥመራው ከእግር ጋር የሚነጋገር ነው ይላል። ኳስ ከመሬት እንዴት እንደምትነሣ ሲናገር ጣቶቹ በአየር ላይ ይነሣሉ።

አብዮቱ ሲመጣ ክለቡ ተዘጋ። ያስተማራቸው የመኳንንት ልጆች ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም የት እንደገቡ አልታወቀም። እሱንም የእነሱ አሽከር ነበርክ ብለው ደጋግመው ጠሩት። ጎንደር ገባ፤ ጎንደርም አላስቀመጠውም። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ከሚወርዱት ሰዎች ጋር ተደባልቆ ወረደና በጋላባት በኩል ተሻገረ። ቁረይሻ አካባቢ ሲያርምና ሲያጭድ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከሰሊጥ ጆንያ ጋር በሎሪ ተጭኖ ገዳሪፍ ሲገባ፣ በክለቡ አጥር ቀዳዳ ሜዳውን አየው። ፍየል ተኝቶበት ነበር። ሜዳው የገዳሪፍ ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ያስቀራል። አያ ሙላት ሙዲሩ ዘንድ ገብቶ፣ በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛው፣ ይህን ሜዳ ስጡኝ አላቸው።

እንዴት እንደሠራው አባቴ ነው የነገረኝ። ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ዱር ገብቶ የኩይሳ አፈር፣ ምስጥ የቆለለውን ያን ቀይ አፈር፣ በአህያ ጋሪ አመላለሰ። በመዶሻ ደቆሰ፣ በወንፊት ነፋ፣ በዋልካው ላይ አለበሰ። በርሜል ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ እየገፋ ዳመጠው። የኩይሳ አፈር ጠባዩ፣ ማታ ማታ ውሃ ከጠጣ እንደ ምጣድ ይጠነክራል። ከተጠማ ግን በጥቂት ቀን ዱቄት ነው። ስለዚህ ክለቡ በየማታው አንድ የአህያ ጋሪ ውሃ ለሜዳው ያስመጣ ነበር። ገዳሪፍ ውስጥ ቀይ መሬት ያለው አያ ሙላት ብቻ ነው ይባላል።

እኔን ያስተማረኝ በግራ እጄ ምክንያት ነው። ግራኝ ነኝ። የቁርኣን መምህሬ በግራ ስጽፍ እጄን በአርጩሜ ይመቱኛል፣ እናቴ በግራ ስጎርስ ታፈጥብኛለች። አንድ ቀን ኳስ በአጥሩ ላይ ዘልላ ግቢያችን ገባች፤ አንሥቼ በግራ እጄ መልሼ ወረወርኩለት። አያ ሙላት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አየኝ። በዚያው ማታ አባቴን፣ ይህች ልጅ በቀኝ ትብላ፣ በቀኝ ትጻፍ፣ ግራዋን ግን ለእኔ ተዋት አለው። አባቴ ሳቀ፤ እናቴ አልሳቀችም። ከብዙ ክርክር በኋላ በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሸፍኜ፣ አባላቱ ከመምጣታቸው በፊት ከሆነ ተፈቀደልኝ። እሱ ከመረቡ ማዶ ቆሞ ኳሷን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ይልክልኛል። ኳሷ ስታመልጠኝ ተቆጥቶኝ አያውቅም። "ኳሷን አትከተያት፣ ቀድመሻት ድረሺና ጠብቂያት" ነበር ትምህርቱ ሁሉ።

እንግዲህ የዚያ የክፉው ቀን፣ የታላቁ ረሃብ ዘመን ክረምት ዝናብ ሳይጥል አለፈ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ራዲዮውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሰማው። ገዳሪፍም ቢሆን ማሽላው ጠወለገ፣ ኩሬዎች ደረቁ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የውሃ ጋሪ ይናፈቅ ጀመር። ብርዱ ወር ሲገባ ደግሞ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርም በእግሩ ድንበር የተሻገረው ሕዝብ በሎሪ እየተጫነ ወደ መጠለያ ይወሰዳል፤ ሎሪ ሲጠፋ ከተማችን ውስጥ ይቆማል። ከክለቡ ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ባዶ ሜዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰው ሞላው። ጠዋት ስነሣ ሳል ነው የሚሰማኝ፤ ያ ሁሉ ሕፃን አንድ ላይ ሲስል። እናቴ በትልቅ ድስት ገንፎ እየሠራች ትልካለች፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳኖችም ካላቸው ያመጣሉ። ያ ግን ለዚያ ሕዝብ ምን ሊሆን።

በዚያው ሰሞን ነው ሙዲሩ ለአያ ሙላት የምሥራች ይዘውለት የመጡት። በክለቡ የብርድ ወር በዓል ላይ የካርቱም ሻምፒዮን ሻኪር የሚባል ወጣት በባቡር ሊመጣ ነው። የአውራጃው ገዢም ይገኛሉ። ሙዲሩ ለብዙ ወራት ደጅ ጠንተው፣ ባለደመወዝም ቢሆን አያ ሙላት እንዲገጥም አስፈቅደውለታል። አያ ሙላት ያን ዕለት አባቴ ሱቅ መጥቶ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገረውና ሄደ። መምቻውን እንዳይጣመም ከሚታሰርበት የሣንቃ ማጠበቂያ አውጥቶ፣ ጅማቱን በሰም እየዳሰሰ፣ ከጠዋት እስከ ረፋድ ያን ግድግዳ ይመታው ጀመር። አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም ያኔ። እኔ ግን እንደዚያ ወጣት ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ወደ ማታ የውሃ ጋሪው መጣ። አያ ሙላት ከበርሜሉ በማጠጫ ቆርቆሮ እየቀዳ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ሜዳውን ያጠጣል። እኔ የተበተኑ ኳሶችን እሰበስባለሁ። ከሐዲዱ በኩል በፈረሰው አጥር አንዲት ሴት ገባች። ወጣት ናት፤ ልጅ አዝላለች፣ በእጇ የዱቄት ወተት ባዶ ጣሳ ይዛለች። ከነጩ መስመር ዳር ቆማ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ ስታይ ቆየችና በትግርኛ ተናገረች። እኔ ትግርኛ ከገበያ ልጆች ለቅሜያለሁ።

"ምን ትላለች?" አለኝ።

"ምን ዘርተህበት ነው ትላለች።"

ፈገግ አለ። "እርሻ አይደለም፣ የጨዋታ ሜዳ ነው በያት።"

ነገርኳት። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ያልተረጎምኩላት መስሏት ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለየች ጠየቀች።

"ምን ይበቅልበታል?"

"ምንም አይበቅልበትም" አለ አያ ሙላት።

"ታዲያ ለምን ታጠጣዋለህ?"

ቁጣ አልነበረባትም። እንግዳ አገር የመጣ ሰው ያላወቀውን ልማድ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው። ተረጎምኩለት። ከማጠጫው ውሃው ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ ኖራውን ያጥበዋል። ከዚያ ጣሳውን ከእጇ ተቀበለና ሞላላት። ልጇን አውርዳ አጠጣች፣ እሷ ጠጣች፣ ደግሞ ሞላላት። የመለሰችለትን ምርቃት ሳልተረጉምለት ገባው መሰለኝ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

በማግሥቱ ሌሎችን ይዛ መጣች። ለተብርሃን ነበር ስሟ። ባሏ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ያ ያዘለችው የሟች እህቷ ልጅ ነው። አያ ሙላት መጀመሪያ ግማሹን ለሜዳው፣ ግማሹን ለሰዉ አደረገ። ከዚያ ለሜዳው ጥግ ጥጉን ብቻ ረጨት አደረገ። ሳምንት ሳይሞላ ማጠጫ ቆርቆሮው ተሰቀለ፤ በርሜሉ እንደመጣ ወደ አጥሩ ይገፋል። ለተብርሃን ሰልፉን ያዘችው። የምታጠባ ትቅደም፣ የታመመ ይከተል፣ ጎልማሳ ከኋላ ይሁን ትላለች። የሚጋፋ ካለ ድምፅዋን ሳታነሣ ታየዋለች፤ ይመለሳል። አያ ሙላትንም ታዘዋለች፣ እሱም ይታዘዛል። እኔ በመሃላቸው ቆሜ የእሷን ለእሱ፣ የእሱን ለእሷ እተረጉማለሁ፤ በዚህም እንደ ትልቅ ሰው እኮራ ነበር። አንድ ቀን ዘግየት ብዬ ስደርስ፣ ጣሳ እየተቀባበሉ፣ ማን በምን ቋንቋ እንደተናገረ ሳይታወቅ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ክለብ መጀመሪያ ከሥራ የተሰናበትኩት እኔ ነኝ።

ሜዳው ታዲያ እንደ ጠባዩ ሆነ። መጀመሪያ ቀለሙ ሳሳ፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ተፈረካከሰ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ቀይ አቧራ በአጥሩ ላይ አልፎ እናቴ ያሰጣችውን ልብስ ያለብሳል። አንድ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አያ ሙላት ከሚለጋበት መስመር ላይ ተንበርክኮ፣ የተሰነጠቀውን በመዳፉ እየደባበሰ ነበር። በሽተኛ ከብት የሚዳብስ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ተነሣና፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ግድግዳው ሄዶ መምታት ጀመረ።

ሙዲሩ መጥተው አዩት። ከዘራቸው መሬቱ ውስጥ ሲሰምጥ እኔም አየሁ። በበዓሉ ገዢው ይመጣሉ፣ እንግዳው ይመጣል፣ ምን ልበላቸው አሉ። አያ ሙላትም፣ እርስዎ ለሜዳው ያሉትን ውሃ ለሰው ሰጠሁት አላቸው። ሙዲሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰልፉን ነገር ካወቁ ቆይተው፣ ያላወቁ መስለው ኖረዋል። አሁን ግን ለመኑት፤ የቀረችውን ጥቂት ቀን ብቻ ለሜዳው አጠጣ፣ በኋላ የፈለግኸውን አድርግ አሉት። ለአንተም ብዬ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን ተመልሶ አይመጣልህም አሉት።

አያ ሙላት የተፈረካከሰውን መስመር በእግሩ ደለደለ። ከዚያ በዓረብኛ፣ ቃሉን እየፈለገ መለሰላቸው።

"ሜዳውን መልሼ እሠራዋለሁ ሙዲር። ሰውን መልሶ መሥራት ግን አላውቅበትም።"

በዓሉ ደረሰ። በረንዳው በባንዲራ አጊጦ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ከርከዴ የሚሉት ቀይ መጠጥ በየማንቆርቆሪያው ከበረዶ ጋር ተሞልቶ ነበር። ገዢውና አጃቢዎቻቸው መጥተው ተቀመጡ። ነፋሱም እንደ ጠላት ያን ቀን አልተኛም፤ አያ ሙላት ጠዋት ያሠመረውን ኖራ እየጠረገ ይወስደዋል። የመጀመሪያዋ ኳስ ለሙከራ ስትለጋ አቧራው ውስጥ ጥልቅ ብላ ቀረች። በረንዳው ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ገዢው ወደ ሙዲሩ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከርከዴያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ፤ መኪኖቹም ተከታትለው ወጡ። ጨዋታው ቀርቷል ተባለ።

ሻኪር ግን አልሄደም። ረጅም፣ ጥርሰ ነጭ ወጣት ነበር። ወደ አያ ሙላት መጥቶ፣ አባቱ ድሮ በአባይ ዳር ሐበሻው ሙላት ግብጻዊውን ሲያሸንፍ በዓይናቸው አይተው፣ ሲያወሩለት እንዳደገ ነገረው። በባቡር ሌሊቱን ሁሉ የመጣሁት ለገዢው አይደለም አለው። ዳኛ የለም፣ መስመርም የለም፤ ግን እኔም አንተም አለን አለው።

ተጫወቱ። በሐዲዱ ማዶ ያለው ሕዝብ በፈረሰው አጥር በኩል እየገባ ከዳር ዳር ተቀመጠ። ጨዋታውን የሚያውቀው የለም። ኳስ በተመታች ቁጥር፣ ማንም ይምታት ማን፣ ያጨበጭባል። ለተብርሃን ከጎኔ ተቀምጣ፣ የሚያሸንፈው ማነው እያለች ትነዘንዘኛለች። ኳሷን ሌላው በሌለበት የሚጥል ነው አልኳት። ትንሽ አየችና፣ የኛው ሰውዬ እንዲያ አድርጎ ያውቃል አለችኝ። እውነቷን ነው። ሻኪር ጉልበት አለው፣ አያ ሙላት ግን ቀድሞ ይደርሳል። በዚያ ዱቄት መሬት ኳሷ ወዴት እንደምትዞር የሚያውቅ ይመስል፣ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ከዚያ በእጁ አንጓ ብቻ ዘወር ያደርጋታል፣ ሻኪርም በቀይ አቧራ ውስጥ እየተንሸራተተ ይሥቃል። ነጩ ልብስ የሁለቱም ቀላ። አንዱ ሲመራ ሌላው ሲደርስበት፣ ፀሐይዋ ከማሽላ ጎተራዎቹ ኋላ እስክትገባ ድረስ ቀጠሉ።

በመጨረሻ አያ ሙላትን እግሩ ከዳው። ሁለት ኳስ በአጠገቡ ሲያልፉ ቆሞ አያቸው፤ ጨዋታው አለቀ። በመረቡ ላይ ተቃቀፉ። እኔ እያለቀስኩ ነበር የሮጥኩለት፤ የተሸነፈው እኔን ይመስል። እሱ ግን ፊቱ በራ። ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በአማርኛ ለእኔ፣

"አታልቅሺ የኔ እናት" አለኝ። "ይህን ሁሉ ዓመት እኮ የሚያሸንፈኝ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩ።"

ያኔ አልገባኝም ነበር። ብቻውን ከግድግዳ ጋር የኖረ ሰው ምን እንደሚናፍቅ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ሙዲሩ ሱቃችን መጡና ከአያ ሙላት ጎን፣ በገመድ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው መሬቱን መነካካት ያዙ። ከሥራ እንዲያሰናብቱት ከላይ ትእዛዝ እንደመጣባቸው መናገር አቅቷቸው ነበር። አያ ሙላት ራሱ፣ አውቃለሁ ሙዲር፣ አይጨነቁ አላቸው። ራኬቱን ለእኔ እንዲያቆዩልኝ ሰጣቸው። በማግሥቱ ሎሪዎች መጡ። ለተብርሃን ልጁን አዝላ ስትወጣ፣ እሱ ባዶውን የውሃ በርሜል በትከሻው ይዞ ከኋላ ተሰቀለ። ክለቡ በርሜሉን ለምን አስወሰድክ ብሎ ማንንም አልጠየቀም።

ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። አባቴ ለጉዳይ ሾዋክ ሲሄድ ይዞኝ ሄደና፣ ከዚያ አለፍ ብሎ ወዳለው መጠለያ ደረስን። አያ ሙላት ከውሃ ታንከሩ ሥር ጫማውን አውልቆ ጀሪካን ሲያሰልፍ አገኘነው። ነጭ ልብሱ አልነበረም። ለተብርሃንን በመጠለያው ቄስ ፊት አግብቷታል። ያ ልጅ እግር አውጥቶ በጭቃው ውስጥ ይንደፋደፋል። አባቴ ስኳርና ሻይ ቅጠል ሰጠውና፣ ሰዉ ዝናብ ሳይደርስ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ አንተስ አለው። ከእሷ ጋር እሄዳለሁ፣ መሬት አላት አለ።

"አንተ ሙላት" አለው አባቴ፣ "በሬ ጠምደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም ሐጂ። ኳስም ሳላውቅ ነው የጀመርኩት።"

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ዓይኑን በሻሹ ጫፍ ጠረገ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በእግራቸው ተከዜን ተሻግረው መሄዳቸውን አንድ ነጋዴ ነገረን። ከዚያ ወሬው ጠፋ። እኔ ጥቂት ዓመት ሴት ልጆችን ሰብስቤ በዚያ ግድግዳ ላይ አጫወትኩ፤ ከዚያ ከሰላ ተዳርኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎልማሳ በራችንን አንኳኳ። ረጅም፣ ቀጭን። ከከሰላ የሎሚ እርሻዎች በአንዱ ለጥቂት ወራት ሲሠራ ቆይቷል። የሐጂ ኢድሪስን ልጅ እፈልጋለሁ አለኝ፤ አማርኛው እንደ አባቴ የጎንደር ሆኖ የትግርኛ ለዛ አለው። ክንፈ ሙላት እባላለሁ ሲለኝ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። አገራቸው ከገቡ በኋላ የተወለደ ነው። እናቱ ለተብርሃን በሕይወት አለች፤ ማር ላከችልኝ። አባቱ ካረፈ ቆይቷል።

ምሳ አቀረብኩለት፣ ስለ አባቱ ተጨዋወትን። ሻምፒዮን እንደነበር ልጆቹ አያውቁም። ገዳሪፍ ውሃ እቀዳ ነበር ነው ያላቸው። ናይሮቢ በትከሻ ተሸክመውት ነበር ስለው እጁ ከሳህኑ ላይ ቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ እስከ ሻኪር ድረስ። ደግሞ ደጋግሞ፣ አባቴ? ይለኛል። ቆይቶ እሱም ነገረኝ። አባቱ ጥሩ አራሽ ሆኖ አያውቅም፤ ፈሩ ይጣመምበታል፣ ሰዉም በፍቅር ይሥቅበት ነበር። አውድማ ግን እሱ የሠራውን የመሰለ በዚያ አገር የለም። ከየኩይሳው አፈር አምጥቶ፣ ነፍቶ፣ ዳምጦ የሠራት አንዲት አውድማ አለች፤ ጤፍ ቢወቁባት አንዲት ፍሬ አሸዋ አትቀላቀልም። ሰዉ ከሩቅ መንደር ሳይቀር እህሉን ጭኖ ይመጣል። አባቱ ከማንም ምንም አልተቀበለም፤ ብቻ በየመከሩ መግቢያ አንዱ ቤተሰብ ተራ ገብቶ ያጠጣታል፣ በእበት ይለቀልቃታል።

እደር ብለው እምቢ አለኝ። አጨዳው ደርሷል፣ የዘንድሮው ተራ የእኛ ነው አለና፣ ኮፍያውን አድርጎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።